በሕይወት ላለች እናት የተቀራ ፋቲሓ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለእህቴ አልነገርኩም፤ ሰላት ላይ በግንባሬ ስደፋ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ አልፈዋለሁ። ክርስቲያን ጓደኞቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ ሄደው ይናገራሉ፣ ስግደት ይታዘዝላቸዋል፣ ቀልሏቸው ይመለሳሉ። ስቀናባቸው ኖሬያለሁ። እኔ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ይህን የምታነቡ። የደፈርኩትም ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልበለው። በሕይወት ያለችን ሴት ሞታለች ብያለሁ። የራሴን ጥፋት ለመሸፈን የሰው እናት በአፌ ገድያለሁ። ከዚያም ልጇ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ራሷን ደግፌ፣ አብሬ አልቅሻለሁ። ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ? እኔ ነኝ ያደረግኩት።

ሰዓዳ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ነው እናቴ ወደምትሠራበት ካርቱም የመጣሁት። እናቴ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር የሰው ቤት ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ ደግ ስለነበሩ ዐረብኛ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ በኋላም የሒሳብ ሥራ ተማርኩ። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የከተማው ገበያ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛና የፕላስቲክ ወንበር ተከራይቼ የአገሬን ልጆች ግብር መሥራት ያዝኩ። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ነጋዴ ይህን ያህል ሠራሁ፣ ይህን ያህል አወጣሁ ብሎ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ አለበት። ኢቅራር ይሉታል። ሐበሻው ደግሞ ዐረብኛውን ተናግሮት ያድራል እንጂ አይጽፈውም። የሚጽፍለት እኔ ነበርኩ።

ሥራውን ከሩቅ ያየው ሰው ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። ቁጥሩስ ቀላሉ ነው። ደንበኞቼ የሚመጡት የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው፤ የዓመቱን ወረቀት በአንድ ፌስታል ጠቅጥቀው ይመጡና ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፉታል። ከደረሰኙ ጋር የልጅ ክትባት ካርድ፣ የሰርግ ጥሪ፣ አንዳንዴም ግማሽ ማስቲካ አብሮ ይወጣል። ይህን ፍሪጅ መቼ ገዛኸው ስለው «ለመውሊድ ሰሞን» ይለኛል፤ ሌላዋ «ፍልሰታ ሲፈታ» ትለኛለች። በጥር ወይም በየካቲት የሚቆጥር አንድም ሰው የለም፤ ቢኖርም የማን አገር ጥር እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ። ከሁሉ የከፋው ስንት ሸጥሽ የሚለው ጥያቄ ነው። ዓይን ይበላናል ብለው ይሰጋሉ። «ያው አልሐምዱሊላህ ነው» ይሉኛል። አልሐምዱሊላህን የትኛው ሣጥን ውስጥ ልጻፈው?

ግን እውነቱን ልናገርና ሥራዬን እወደው ነበር። አንዲት ሴት ለምን ሁለት ወር ሱቋ እንደተዘጋ ልታስረዳኝ ስትነሳ ባሏ ጥሏት እንደሄደ መናገሯ አይቀርም። አንዱ ለምን ዕዳ እንደገባ ሲያስረዳ የወንድሙን ሕመም ያወራልኛል። እሰማለሁ፣ አጽናናለሁ፣ እጽፋለሁ። የሐበሻው ገመና ሁሉ እኔ ጋ ነው ብዬ ደረቴን የምነፋ ሴት ነበርኩ። ሰው ሚስጥሩን የሚያወራላት ሴት ለካ የራሷን ሚስጥር የምትጥልበት ታጣለች።

እትዬ ሐዋ ከደንበኞቼ ሁሉ ትለይብኛለች። ድሮ አል-ጣኢፍ ከእናቴ ጋር በአንድ ሰፈር ሠራተኛ ነበረች። እናቴ በታመመች ጊዜ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ሌሊቱን ክንዷ ላይ ያስተኛቻት እሷ ናት። እናቴ ስትሞት «እኔ አለሁልሽ» አለችኝ፤ ነበረችልኝም። የወሎ ሴት ናት፣ ሳቋ የሚቀድማት። ከሰው ቤት ወጥታ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ውስጥ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፈተች። እጇን የሱዳን ሙሽሮች ስለወደዱት ኀሙስ ኀሙስ ቤቷ መቆሚያ አይገኝበትም ነበር።

የጸጉር ቤት ኢቅራር መሙላት ከባድ ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ከእትዬ ሐዋ ጋር ቁጭ ብለን ባዶ የቀለም ካርቶንና የሒና ቆርቆሮ እያየን እንገምታለን። ሙሽሮቹን ግን በስማቸው ሳይሆን በጸጉራቸው አንድ በአንድ ታስታውሳቸዋለች። «ያቺ ጸጉሯ እንደ ሽቦ የተቆጣው ከዒድ በፊት ናት። ያቺ ስታለቅስ የዋለችው፣ ያላፈቀረችውን ያገባችው፣ እሷ ከዒድ በኋላ ናት። እሷን አላስከፈልኳትም፤ እንዳትጽፊያት።» እኔ እስቃለሁ፤ ሥራው ግማሽ ቀን ይወስዳል።

እናቷ እማ ከድጃ ከመርሳ ወዲያ ገጠር ውስጥ ነበሩ። እትዬ ሐዋ ካርቱም ከገባች ጀምሮ አይታቸው አታውቅም። በስልክ ግን ጁምዓ ጁምዓ ሳታወራቸው አትውልም። በዚያ ዓመት ጦርነት ያን አገር ነካውና ስልኩ ጠፋ። ኋላ ጦርነቱ ከአካባቢው ራቀ፣ መኪናም መሄድ ጀመረ፤ የስልኩ ማማ ግን ተሰብሮ ቀረ። እትዬ ሐዋ የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ብዙ ወራት አለፉ። «ድምጿ ከጠፋ እኔው እሄዳለሁ» አለች አንድ ቀን። ወደዚያ ለሚሄድ ሰው «የሰርጉ ወቅት እንዳለፈ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» የሚል ቃል ሰጥታ ላከች። ፓስፖርቷ ላይ የመውጫ ቪዛ አስመታች። ለእናቷ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ገዛች፣ ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለበት። ሱቅ ዐረቢ አብሬያት ዞሬ ያስመረጥኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ይጀምራል። እትዬ ሐዋ መንገድ ስላለባት የዓመቱን ፌስታሏን ከሁሉ ሰው ቀድማ አመጣችልኝ። «ሳልሄድ ይለቅልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ጠረጴዛዬ ስር አስቀመጥኩት። የሚጮኸውን ደንበኛ፣ የሚያስፈራራውን፣ ቆሞ የሚጠብቀውን አስቀደምኩ። እሷ የቤት ሰው ናት፣ ትቆየኛለች አልኩ። ለምንድነው በጣም የምንወደውን ሰው ሁልጊዜ ወደ ኋላ የምናደርገው? ፌስታሉ ላይ የሌሎች ፌስታል ተደራረበበት። ረሳሁት። የማስገቢያው ቀን አለፈ። አንድ ማለዳ ቤቱ ሲጠረግ ወጣ፤ እንደሰጠችኝ እንደታሰረ ነበር።

ደነገጥኩ። ያለፈበት ሰው ቅጣት አለበት። በዚያ ላይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያልተዘጋ ጉዳይ ያለበት የውጭ ሰው ከአገር ሲወጣ ያስቸግሩታል ይባል ነበር። ሄጄ «እትዬ፣ ረሳሁልሽ፣ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ» ብላት ምን ታደርገኛለች? ትስቅብኛለች። ራሴን በጣቷ ገፋ አድርጋ «አንቺ ዝንጉ» ትለኛለች። ይህን እያወቅኩ አልነገርኳትም። የምትተማመንብኝ፣ በየሰው ፊት «የኔ ልጅ አትሳሳትም» የምትልብኝ ሴት ፊት መሳሳቴን መናገር አቃተኝ። ለብዙ ዓመት ለጉዞዋ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሸንግያለሁ። ለጉዞዋ አልነበረም። ለስሜ ነበር።

ወረቀቷን በአንድ ቀን ሠርቼ ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የእሷን ሰፈር የሚያየው ሰው ኡስታዝ ዐብደልባጊ ይባላል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልገው ደግ ሽማግሌ ነው። ቤቱም ባሕሪ ነው። ወረቀቱን አገላብጦ «ቀኑ አልፏል እኮ፣ ሰዓዳ» አለኝ። ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። አስቤበት አልነበረም፤ ማሰብ ግን እችል ነበር።

«የወረቀቱ ባለቤት ሐዘን ላይ ናት። እናቷ ሞተውባት ነው ቤቱን ዘግታ የሰነበተችው» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ከዚያ ሁለት መዳፉን ደረቱ ፊት ዘርግቶ «አልፋቲሓ» አለ። ሱዳን እንዲህ ነው፤ የትም ሁን፣ ሞት ስትሰማ እጅህን ትዘረጋለህ። እኔም እጄን ዘረጋሁ። በሕይወት ላለች ሴት፣ ምናልባት በዚያች ሰዓት ደጃፏ ላይ ጸሐይ እየሞቀች ለነበረች ሴት፣ የሙታንን ፋቲሓ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀራሁ። ፊቴንም ጠረግኩ። ምላሴ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልተያዘም።

ወረቀቱን ያለ ቅጣት ተቀበለኝ። ስወጣ «ለቅሶው የት ነው? ልድረሳት እንጂ» አለኝ። አብቅቷል፣ አትቸገር አልኩት። ሐዘን አብቅቷል ተብሎ አይቀርም አለኝ። የአፍ ወግ መሰለኝ። እዚያ አገር ያደግሁ ሰው፣ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ መኪና አቁሞ እጁን የሚዘረጋ ሕዝብ መካከል የኖርኩ ሰው፣ እንዴት የአፍ ወግ ይመስለኛል?

ከዚህ በኋላ የሆነውን የምነግራችሁ እትዬ ሐዋ ደጋግማ እንደነገረችኝ ነው። ሐዘንተኛ የሰማበትን ሰዓት መላልሶ ያወራል።

ኀሙስ ከሰዓት ነበር። አንዷ ሙሽራ ከነጓደኞቿ ቤቱን ሞልተውታል። ኡስታዝ ዐብደልባጊ የሴቶች ቤት መሆኑን ስለሚያውቅ ደፉን አልተሻገረም። ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ ጥምጥሙን ጠምጥሞ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገና «ያ ኡኽቲ ሐዋ፣ እህቴ» አለ። መዳፎቹን ዘረጋ። «አልፋቲሓ!» ቀለም ጭንቅላቷ ላይ ያለባት፣ ጸጉሯ ግማሽ የተሠራላት፣ ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ሐዋም ማበጠሪያውን እንደያዘች ዘረጋች፤ ፋቲሓውን ቀርታ ፊቷን ጠረገች። የጎረቤት ሰው የሞተ መስሏት ነበር።

«ለማን ነው የቀራነው?» ብላ ጠየቀች።

«ለእናትሽ ነዋ፤ አላህ ይርሐማ» አላት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናንተም ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ ባለሐዘኗ ብቻ አትሰማም። ሲያጫውቷት፣ ሲስቁላት ይሰነብቱና አንድ ማለዳ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። ስለዚህ እትዬ ሐዋ «ስሕተት ነው» ብላ አላሰበችም። ሁሉም ያውቃል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነው ያሰበችው። ወደ ፋጡማ ዞረች፤ ፋጡማ አብራት የምትሠራ የደሴ ሴት ናት። ፋጡማ በድንጋጤ አንገቷን ደፋች። ለእትዬ ሐዋ ይህ በቂ ነበር። «ታውቂ ነበር! ሁላችሁም ታውቁ ነበር!» ብላ ጮኸች። ጠዋት ጎረቤቷ ያለ ምክንያት እቅፍ ያደረገቻት፣ ባለፈው ሳምንት አንዷ ደንበኛ በረከት ይሁንሽ ብላ አብዝታ የከፈለቻት፣ ሁሉም ትዝ አላት፤ ሁሉም ማስረጃ ሆነባት። ማበጠሪያውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ጩኸቱን የሰማች ሐበሻ ሁሉ መጣች። እያንዳንዷ ሌላዋ ከአገር የሰማች መስሏታል። ከማን ሰማችሁ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መርዶ አይጠየቅም። የሚደወልበት ስልክ የለም። ወሬው ከእኔ አፍ ወጥቶ ከተማውን ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ እውነት ሆኖ ነበር። ፋጡማ ደውላ «የእትዬ ሐዋ እናት አርፈዋል፣ ነይ» አለችኝ። ለአንድ አፍታ እኔም አመንኳት። ከዚያ ከማን አፍ እንደወጣ ትዝ አለኝና ወጥቼ መኪና ተሳፈርኩ።

በድልድዩ ላይ የነበረው የመኪና ሰልፍ አያልቅም ነበር፤ እኔ ግን ባላለቀ እል ነበር። ደርሼ እናገራለሁ አልኩ። ዘልቄ እገባና ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ እላለሁ አልኩ። ደረስኩ። ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ውጭ ተቀምጠዋል፤ ኡስታዝ ዐብደልባጊ መካከላቸው ነው። ውስጥ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እትዬ ሐዋ እኔን ስታይ እጇን ዘረጋችልኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። «ለዚህ ነው ሰሞኑን የሸሸሽኝ። ልትነግሪኝ አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው፣ አይደል ልጄ?»

እውነት ነው ሸሽቻት ነበር። በረሳሁት ፌስታል አፍሬ። እሷ ግን ሽሽቴን ወደ ፍቅር መነዘረችው። ጉንጬን ሳመችኝና ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የጠየቀች እሷ ብቻ ናት።

«ማን ነገረሽ?»

የመጀመሪያውን ውሸት አስቤበት አልነበረም ብያችኋለሁ። ይህኛውን ግን አስቤ ነው የተናገርኩት። ውጭ ያለውን ሽማግሌ አሰብኩ፤ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ አሰብኩ፤ በሴቶቹ ሁሉ ፊት እንዴት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስለ እሷም አሰብኩ፣ ግን መጨረሻ ላይ።

«አንዲት ሴት ናት፤ ከወልዲያ የመጣች። ሱቅ ዐረቢ መኪና መሳፈሪያው ጋ አግኝቻት ነው» አልኩ።

ስሟን ጠየቀችኝ። አላውቃትም አልኩ። ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ነበር ብዬም ጨመርኩ። ለምን ጨመርኩ? ስለ ሻርፕ ማን ጠየቀኝ?

ልወጣ ስል ኡስታዝ ዐብደልባጊ ተከትሎኝ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ይህቺን ሴት የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ ሰዓዳ» አለኝ። «እናንተ እንዲህ ደብቃችሁ፣ ተሰብስባችሁ፣ በማለዳ እንደምትነግሩ አሁን ነገሩኝ። አብቅቷል ስትይኝ የምታውቅ መሰለኝ። በሰው መሐል፣ ቆማ ሥራ ላይ ሳለች ወረወርኩባት። አላህ ይቅር ይበለኝ።» ምንም አላደረግክም አልኩት። ያ ብቻ እውነት ነበር፣ በዚያን ቀን ከተናገርኩት። ከዚያ በኋላ ስኳርና ሻይ ቅጠል ተሸክሞ ሦስቱንም ቀን ሲመላለስ ዝም ብዬ አየሁት። ያንን ሽማግሌም በድያለሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ለራሴ አንድ ተረት ፈጠርኩ። ስልኩ ይሠራል፣ እትዬ ሐዋ ትደውላለች፣ እናቷ «ሄሎ» ይላሉ፤ የዚያን ቀን ደስታ ከዚህ ሁሉ ለቅሶ ይበልጣል፤ ማንም ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ተረት ስንት ቀን አደርኩ። ሄዳ ታያቸዋለችና ያኔ ይገለጣል ብዬም ጠበቅኩ። አንድ ቀን ሻንጣዋን ስትፈታ ደረስኩ።

«ለማን ብዬ ልሂድ?» አለችኝ። «ባዶ ቤት ሄጄ ግድግዳ ልሳም? እዚሁ ሰደቃዋን አወጣለሁ።»

ሂጂ አልኳት። ለመንኳት። መቃብራቸውን ታያለሽ፣ ዘመድ ታያለሽ አልኩ። «እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። የመውጫ ቪዛው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ ልነግራት ተነስቻለሁ። በየቀኑ ነገሩ ከትናንቱ ከብዶ አግኝቼዋለሁ። ትናንት ሳትነግሪኝ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ ብትለኝ ምን ልላት ነው?

ሰማያዊውን ቶብ ከሻንጣው አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ልበሽው። ሐዘኔን ከእኔ በፊት ብቻሽን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ተቀበልኩት። እንዴት እንቢ ይባላል? ምን ተብሎ?

የሰርጉ ወቅት ተመልሶ ሳይመጣ ስልኩ ተሠራ። ወደ አገር ስትደውል እኔ አልነበርኩም። በማግሥቱ ሱቅ ዐረቢ መጣች። ከፌስታል በስተቀር ምንም ይዛ መጥታ የማታውቅ ሴት ባዶ እጇን መጣች። ደንበኞቼ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ፎቶ ኮፒው ይንጫጫል፣ ውጭ ረዳቶቹ «ባሕሪ! ባሕሪ!» እያሉ ይጣራሉ። ስልኩን ያነሳው የአጎቷ ልጅ ነበር። እማ ከድጃ እውነትም ሞተዋል። የሞቱት ግን ገና በቅርቡ፣ ስልኩ ሊሠራ ጥቂት ሲቀረው ነው።

«ቃሌ ደርሷት ነበር» አለችኝ። «ጠብቂኝ ያልኳት ደርሷት ነበር። ከሰዓት አሱር ከሰገደች በኋላ በትሯን ይዛ መኪናው መንገድ ድረስ ትወጣ ነበር አለኝ። ሰዎቹ ወርደው ሲያልቁ ትመለሳለች። ዛሬም አልመጣችም ሲሏት፣ ልጄ ቃሏን አታጥፍም፣ መንገድ ይዟት ነው ትል ነበር አለኝ።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ተነስቼ ነበር። ተመልሼ ነው ይህን የምጽፈው። የክረምቱ ጭቃ፣ የአሮጊቷ በትር፣ መኪናው፤ አንዱንም አላየሁትም፤ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። እሷ እዚያ ስትጠብቅ እኛ ባሕሪ ውስጥ ሰደቃዋን እንበላ ነበር። እኔም በልቻለሁ።

እትዬ ሐዋ አላለቀሰችም። «እንባዬን በውሸቱ ጊዜ ጨረስኩት» አለች። «ያቺ የወልዲያዋ ሴት» ስትል ጠረጴዛውን ያዝኩ። እርግማን ጠብቄ ነበር። ብትረግም እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እርግማኑን ሌላ ሰው ላይ አላሳርፈውም ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህንም ማመን አልችልም።

«ምስኪን» አለች። «የሌላ ሰው ወሬ ተምታቶባት ይሆናል። በዚያ ጦርነት መሐል የወጣች ሴት ምን ታውቃለች? ብታውቅ እኮ ታዝን ነበር። ሰዓዳዬ፣ ድንገት መሳፈሪያው ጋ ካየሻት ይቅር ብያታለሁ፣ አፉ ብያታለሁ በያት። በዱንያም በአኼራም አፉ ብያታለሁ።»

እሺ አልኩ። ከዚያ ፌስታል የያዘ ሰውዬ መጥቶ ቆመ፤ እትዬ ሐዋ ወንበሩን ለቀቀችለት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ጦርነት ወደ እኛም መጣ። ካርቱም ተበተነች። ጠረጴዛዬ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የስንት ሰው ፌስታል ተቃጠለ። እትዬ ሐዋ በመተማ በኩል አገሯ ገባች፤ እናቷ ቤት ውስጥ ትኖራለች፣ የመንደሩን ሙሽሮች ትሠራለች። ኡስታዝ ዐብደልባጊ ወደ መደኒ ሄደ ሲሉ ሰማሁ፤ ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ወጥቼ ተመለስኩ። አሁን ባሕሪ ነኝ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ሱቁን ይከፍታል፣ ወረቀቱንም ይዞ ይመጣል። ስወጣም ስመለስም ቶቡ ከእኔ ጋር ነበር። ከነላስቲኩ ነው። አልለበስኩትም፤ ለሰው መስጠትም አልቻልኩም።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ደንግጬ ነው አልልም፤ ለማሰብ ስንት ቀን ነበረኝ። ስልኩ ባይቋረጥ፣ ሽማግሌው ደግ ባይሆን፣ እሷ ብትጠራጠረኝ እያልኩ ጥፋቱን ለሌላ ማከፋፈልም ትቻለሁ። ኡስታዝ ዐብደልባጊ፣ በሕይወት ካለህ አፉ በለኝ፤ አንተ ማንንም አልሰበርክም። እማ ከድጃ፣ አፉ ይበሉኝ፤ ልጅዎ ቃሏን አላጠፈችም፣ መንገዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ፣ ይህን ከምታነቡት፣ ምሕረት አልጠይቅም፤ ልትሰጡኝ የእናንተ አይደለም። የምትሰጠኝ ሴት ደግሞ ሰጥታ ጨርሳለች፤ የተቀበልኩት ግን በሌላ ሴት ስም ስለሆነ ልነካው አልቻልኩም።

ባለፈው ዒድ ደወልኩላት። ዒድ ሙባረክ ተባባልን፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ዝናቡ አወራችኝ፤ እናቴን አንስታ ዱዓ አደረገችላት። ልትዘጋ ስትል «ሰዓዳዬ፣ ያቺን ሴትዮ ኋላ አግኝተሻት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላገኘኋትም» አልኩ።

«ካገኘሻት እንዳትረሺ። ከልቤ ነው በያት። ተጨንቃ እንዳትኖር።»

«እሺ እትዬ፣ እነግራታለሁ» አልኩ።